ኮሸሽላ፦ በደጅ የበዛ፣ በዓለም የጠበበ ቁጥቋጦ

በአማርኛ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉሞችን በአንድነት ይሸከማል። አንደኛው በቁጥር ጥቂት የሆነ፣ ቢፈልጉት በቀላሉ የማይገኝ ማለት ነው። ሁለተኛው ከአንድ አገር ወይም ከአንድ አካባቢ ውጭ በተፈጥሮ በሌላ ስፍራ የማይኖር ማለት ነው። ዋልያ በሁለቱም ትርጉሞች ብርቅዬ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ መኖሪያውም ከሰሜን ተራሮች አይወጣም። ጭላዳ ግን በሁለተኛው ትርጉም ብቻ ብርቅዬ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ውጭ ባይገኝም፣ በመኖሪያው በመቶ በሚቆጠር መንጋ ሲግጥ ይታያል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ሁለቱ ሐሳቦች ይደባለቃሉ፤ ከዚህም የተነሣ በዓይን የበዛ ፍጥረት ጥበቃ የማያስፈልገው ይመስላል።

ይህ መደባለቅ ከእንስሳት ይልቅ በዕፅዋት ላይ የበለጠ ጉዳት አለው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በእንጦጦ ተራሮችና በየካ ክፍለ ከተማ ተዳፋት ላይ በመንገድ ዳርና በወንዝ አፋፍ የሚበቅለው፣ ቀይ አበባና እሾሃማ ቅጠል ያለው ኮሸሽላ ነው። ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በእግራቸው ሲያልፉ አይተውታል። ነገር ግን በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትንታኔ የተክሉን ማንነትና ስርጭት ካስረዳ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ዝርያ ከዕፅዋት ቆጠራና ከጥበቃ ዕቅድ የሚያመልጥበትን ምክንያት ያብራራል።

ተክሉና ዘመዶቹ

ኮሸሽላ በሳይንሳዊ ስሙ አካንቱስ ሴኒ ይባላል። ስሙን ያወጣው ጣሊያናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤሚሊዮ ኪዮቬንዳ ሲሆን፣ መጠሪያው በአፍሪካ ቀንድ ናሙና ለሰበሰበው የደን ባለሙያ ለሴኒ መታሰቢያ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሶኮሩ ይሉታል። የአማርኛውም ሆነ የኦሮምኛው ስም ለዚህ አንድ ዝርያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኮሸሽላ የሚለው ስም ለሌሎች የአካንቱስ ዝርያዎችና ለአንዳንድ እሾሃማ ዕፅዋትም ጭምር ስለሚሰጥ፣ በቃለ መጠይቅ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ በናሙና ካልተረጋገጠ ዝርያን ከዝርያ ሊያደባልቅ ይችላል።

ተክሉ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ጠርዛቸው በጥልቀት የተሸነሸነ ሲሆን እያንዳንዱ ሽንሽን በእሾህ ይጨርሳል። አበቦቹ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ በዘለላ ይደረደራሉ፤ በመካከላቸውም እሾሃማ ቅጠል መሰል ሽፋኖች አሉ። የእያንዳንዱ አበባ አሠራር ልዩ ነው። ቀይ የአበባው ቅጠል የታችኛው ከንፈር ብቻ ያለው ሲሆን የላይኛው ከንፈር የለውም። የላይኛውን ከንፈር ተክቶ እንደ ጣሪያ የሚያገለግለው የአበባው ውጫዊ ሽፋን አንዱ ክፍል ነው። በዚህ ጣሪያ ሥር ጠንካራ ዘንግ ያላቸው አራት ወንዴ ዘሮች ተደርድረው ይቆማሉ።

ቀይ ቀለም፣ ጠንካራ አሠራርና የተትረፈረፈ የአበባ ማር ብዙውን ጊዜ ወፍ ለሚያራክባቸው አበቦች መለያ ናቸው። ረጅምና ቆልማማ መንቁር ያላቸው የአበባ ማር ቀሳሚ ወፎች ማሩን ለመድረስ ጭንቅላታቸውን ሲያስገቡ የአበባው ዱቄት ይነካቸዋል። በደጋው ከሚታወቁት ከእነዚህ ወፎች አንዷ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ከተከዜ ወንዝ ነው። የአበባው ቀለም ኮሸሽላን ከቅርብ ዘመዶቹ ለመለየትም ይረዳል። በደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች የሚገኘው አካንቱስ ኤሚኔንስ ሰማያዊ አበባ ሲኖረው፣ አካንቱስ ፖሊስታኪዩስ ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ አበባ አለው።

የዚህ ወገን ዝርያዎች ከሜዲትራንያን ዙሪያ እስከ ሐሩራማው አፍሪካና እስያ ድረስ ተሰራጭተዋል። ከእነዚህ አንዱ በሥነ ሕንፃ ታሪክ የታወቀ ነው፤ በጥንታዊው የግሪክ የቆሮንቶስ ስልት ዓምዶች ራስ ላይ የሚቀረጸው የተሸነሸነ ቅጠል ከሜዲትራንያን አካንቱስ የተወሰደ ነው። ፍሬያቸው ሲደርቅ በድንገት ይፈነዳል፤ ቢበዛ አራት የሚሆኑትን ዘሮችም ጥቂት ሜትሮች ይወረውራቸዋል። ይህ ጠባይ ለጥበቃ ጥናት ትርጉም አለው። ዘሩ ከእናት ተክሉ ብዙ ካልራቀ፣ አንድ ተክል ከጠፋበት ኮረብታ ወደ ሌላው በራሱ ተሻግሮ መመለሱ ዝግ ያለ ይሆናል፤ በተራራቁ ተክሎች መካከል የዘረ መል ግንኙነት እንዲኖር የሚያደርጉት በዋነኛነት አበባ ቀሳሚ ወፎች ናቸው ማለት ነው።

የት ይበቅላል?

ኮሸሽላ የሚበቅለው በግምት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። በተራራማ ደን ጠርዝ፣ በወንዝና በጅረት አፋፍ፣ በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥርና ሳይታረስ በቆየ መሬት ላይ ይገኛል። ስርጭቱ ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ በሁለቱም ወገን ያሉትን ደጋማ ስፍራዎች የሚያካትት ሲሆን፣ በሸለቆው ወለልና በዙሪያው ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ግን አይገኝም። በካርታ ላይ ሲታይ ሰፊ የሚመስለው መኖሪያ፣ በተግባር በቆላ ባሕር የተከበቡ የደጋ ደሴቶች ድርድር ነው።

አዲስ አበባ ከእነዚህ ደሴቶች በአንዱ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የእንጦጦ ሰንሰለት በሰሜን በኩል ከተማይቱን ያዋስናል፤ ጫፉም ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ጀርባው የውኃ መክፈያ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የየካ ክፍለ ከተማ የዚህን ሰንሰለት የምሥራቅ ክፍል ተዳፋት ይይዛል። ከቀበና ወንዝ ራስጌና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ሲወጣ የመኖሪያ ቤቶች፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ የጥድ ቅሪትና ሸለቋማ ጅረቶች በአጭር ርቀት ይፈራረቃሉ። ኮሸሽላ የሚወደው የጠርዝ መሬት በዚህ ሁሉ መካከል ይገኛል።

የብርቅነት ልዩ ልዩ መልኮች

እ.ኤ.አ. በ1981 ዴቦራ ራቢኖዊትዝ የተባለች የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ብርቅነትን በሦስት ጥያቄዎች ከፋፍላ የምታይበትን ዘዴ አቀረበች። የመጀመሪያው ጥያቄ የዝርያው መልክዓ ምድራዊ ስርጭት ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ዓይነት መኖሪያ ይስማማዋል ወይስ አንድ ዓይነት ብቻ የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ባለበት ስፍራ በብዛት ይገኛል ወይስ ሁልጊዜ ጥቂት ነው የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ስላለ በአጠቃላይ ስምንት ሁኔታዎች ይፈጠራሉ። ከስምንቱ በሦስቱም መመዘኛ ተራ የሚባለው አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሰባቱ የተለያዩ የብርቅነት መልኮች ናቸው።

በእንጦጦም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ስፍራዎች የሚታወቁ ዕፅዋት ይህን አከፋፈል ግልጽ ያደርጉታል። ቀጋ ከኢትዮጵያ አልፎ በአፍሪካ ቀንድ፣ በሱዳን፣ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ይገኛል፤ በመኖሪያውም ብዙ ነው። ኮሶ ስርጭቱ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ተራሮች የሚደርስ ሰፊ ሲሆን፣ መኖሪያው ግን በከፍተኛ ተራራ የተወሰነ ነው፤ በብዙ ቦታም ለእንጨቱ ሲባል ተመናምኗል። ደንገጠኛ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በጥቂት ስፍራ የሚበቅል ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። ለድንገተኛ ሕመም ተፈላጊ የሆነው ሥሩ በመሆኑ ለገበያ ሲቀርብ ተክሉ ተነቅሎ ነው።

ኮሸሽላ ከእነዚህ ከሦስቱም ይለያል። ስርጭቱ በአንድ አገር ደጋ የተወሰነ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ ዓይነት መኖሪያ ይስማማዋል፤ ባለበትም ስፍራ ብዙውን ጊዜ ተሰባስቦ ይበቅላል። በራቢኖዊትዝ አከፋፈል ይህ የብርቅነት አንድ መልክ ነው፤ ለዓይን ግን ከብርቅነት መልኮች ሁሉ የተሰወረው ነው። ደንገጠኛን ፈልጎ ያጣ ሰው ብርቅ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ኮሸሽላን በየመንገዱ የሚያይ ሰው ግን ከድንበር ባሻገር አንድም እንደሌለ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ብርቅዬ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ሲገመገሙ ዝርያው ለስጋት የተቃረበ ተብሎ መመደቡም ከዚህ አንጻር መነበብ አለበት። ምደባው ተክሉ ጠፍቷል አይልም፤ አሁን ያለው አዝማሚያ ከቀጠለ ወደ ስጋት መደብ ሊገባ እንደሚችል ያመለክታል እንጂ።

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው ሁኔታ

እንጦጦ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ የተለወጠ መልክዓ ምድር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫቸውን በእንጦጦ አድርገው በቆዩበትና ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በወረዱበት ዘመን፣ የማገዶና የግንባታ እንጨት ፍላጎት የጥድና የወይራ ደኑን አራቆተው። በ1890ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ይህን ችግር ለመፍታት በፍጥነት ተተከለ፤ ዛሬም በተራራው ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው።

በዚህ ለውጥ ውስጥ የቁጥቋጦዎች ዕጣ ከዛፎች ዕጣ ይለያል። ጥድ ሲቆረጥ ግንዱ ይወሰዳል፤ የደኑም መጥፋት በግልጽ ይታያል። ቁጥቋጦ ግን በጅረት አፋፍ፣ በገደል ጠርዝና በአጥር ሥር ተጠግቶ ሊቆይ ይችላል። እሾሁም ከከብት ስለሚከላከልለት፣ በተጋጠ መሬት ላይ ሌሎች ለስላሳ ቅጠል ያላቸው ዕፅዋት ሲጠፉ እርሱ የመቆየት ዕድል አለው። ይህ ባሕርይ ግን ራሱ ጥላቻን ያመጣበታል። እሾሃማ ጥሻ የተበላሸ መሬት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ መንገድ ሲሠራ፣ መናፈሻ ሲለማ ወይም ለችግኝ ጉድጓድ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚመነጠረው እርሱ ነው።

ጥላቻው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይደለም። በኡጋንዳ በኪባሌ ደን የዚሁ ወገን የሆነ አንድ አካንቱስ፣ ዛፍ በተቆረጠበት ክፍት ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ጥሻ እየሠራ የዛፍ ችግኞችን ዕድገት ማፈኑ በጥናት ተረጋግጧል። ሆኖም ከአንድ ዝርያ የተገኘ ውጤት ያለ ማረጋገጫ ወደ ሌላው አይተላለፍም። የኪባሌው አካንቱስ በብዙ አገሮች የተሰራጨ ሲሆን፣ የእንጦጦው በአንድ አገር የተወሰነ ነው። በተጨማሪም በተጋጠ ደረቅ ተዳፋት ላይ እሾሃማ ቁጥቋጦ ለጥድና ለወይራ ችግኝ ከከብት መጠለያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በእንጦጦ ከሁለቱ ሚናዎች የትኛው ያመዝናል የሚለው ጥያቄ በመስክ ሙከራ ሊመለስ የሚችል ነው፤ ምንጠራው ግን መልሱን አይጠብቅም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርና በ2020 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ተራራውን እንደገና የመለወጥ አቅም ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ዕድልም ስጋትም ይዘዋል። የአገር በቀል ዛፎች ተከላ ተመናምኖ የነበረውን ደን ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ስኬቱ በተተከለ ችግኝ ቁጥር ብቻ ከተለካ፣ ለችግኙ ቦታ ለማዘጋጀት የተመነጠረው ብርቅዬ ቁጥቋጦ በሒሳቡ ውስጥ በየትኛውም መስመር አይታይም።

የቆጠራው ክፍተት

ቁጥቋጦ ከሒሳብ የሚወጣው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ መለኪያዎቹ ራሳቸው ለዛፍ የተሰፉ ናቸው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ብሔራዊ ትርጓሜ መሠረት፣ ደን ማለት ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት ያለው፣ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት በሚደርሱ ዛፎች ወይም ቀርከሃ የተሸፈነ፣ የጥላ ሽፋኑም ቢያንስ 20 በመቶ የሆነ መሬት ነው። በዚህ ትርጓሜ የኮሸሽላ ጥሻ ምንም ያህል ቢሰፋ ደን አይደለም። ስለዚህ ጥሻው ተመንጥሮ ዛፍ ቢተከልበት በካርታው ላይ የሚታየው የደን መጨመር እንጂ የብርቅዬ ዝርያ መኖሪያ መጥፋት አይሆንም።

ተመሳሳይ ክፍተት በዩኒቨርሲቲ የመስክ ጥናቶችም ይታያል። በተለመደው አሠራር እንጨታማ ዕፅዋት 20 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ የናሙና ቦታ ይለካሉ፤ የግንድ ውፍረትና ቁመት ዝቅተኛ ወሰን ይወጣላቸዋል። ሣርና ሌሎች ለስላሳ ዕፅዋት ደግሞ 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆኑ ትንንሽ ቦታዎች ይመዘገባሉ። ከሥሩ ብዙ ቀጫጭን ግንድ የሚያወጣ ቁጥቋጦ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የዝርያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይገባል፤ የብዛቱ አኃዝ ግን አስተማማኝ አይሆንም። አንድ ጥሻ አንድ ተክል ነው ወይስ አሥር የሚለው ካልተወሰነ፣ በግንድ ብዛት ላይ የተመሠረተ ስሌት ትክክለኛውን ሁኔታ ሊያጋንን ወይም ሊያሳንስ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል የሽፋን መጠንን በመቶኛ መገመት፣ ያበቡና ያፈሩ ጥሻዎችን ለይቶ መቁጠር፣ ከዘር የበቀሉ ችግኞችንም ለብቻ መመዝገብ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የስርጭት ስፋት መለኪያም ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለት መለኪያዎችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ዝርያው የተገኘባቸውን ነጥቦች ሁሉ የሚከብ አጠቃላይ ክልል ነው፤ ይህ ከ20,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ሲሆንና እንደ መቆራረጥና ቀጣይ መመናመን ያሉ ሌሎች መስፈርቶች ሲሟሉ ዝርያው ለአደጋ ተጋላጭ ይባላል። ሁለተኛው ዝርያው በእርግጥ የሚኖርበት ቦታ ሲሆን፣ 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖችን በመቁጠር ይሰላል፤ ለተመሳሳይ ደረጃ ወሰኑ 2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ለኮሸሽላ የመጀመሪያው መለኪያ ከስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ደጋዎች አንድ ላይ ስለሚከብ ተክሉ የማይበቅልበትን ቆላ ሁሉ ያጠቃልላል፤ ውጤቱም ሰፊ መሆኑ አይቀርም። ይህ ስሕተት አይደለም፤ መለኪያው የተዘጋጀው አንድ አደጋ ዝርያውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው ይችል እንደሆነ ለመገመት ነውና። ተክሉ በእርግጥ ምን ያህል መሬት እንደያዘና ምን ያህሉን እያጣ እንደሆነ የሚናገረው ግን ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ስሌት መነሻ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ስብስብ ነው። ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ፕሮጀክትም የእያንዳንዱን ዝርያ ስርጭት በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር መነሻነት መዝግቧል። እነዚህ መረጃዎች ውድ ቢሆኑም የሰብሳቢውን መንገድ ይከተላሉ። ናሙና በአመዛኙ የሚሰበሰበው ከመኪና መንገድ አጠገብና ከከተማ ዙሪያ ነው። በአሮጌ መለያ ወረቀት ላይ «እንጦጦ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ስፍራ ዛሬ የትኛው አራት ማዕዘን ውስጥ እንደሚወድቅ መወሰንም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ናሙናው በተወሰደበት ቦታ ዛሬ ቤት ቆሞ ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱን የቀድሞ ነጥብ በአካል ተገኝቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የከፍታ ወሰን

የእንጦጦ ኮሸሽላ ሌላም ፋይዳ አለው። በተራራማ ስፍራ ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የአየር ንብረት በ1 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንድ ዝርያ የለመደውን ሙቀት ለማግኘት ወደ 170 ሜትር ገደማ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ዝርያው ከ1,700 ሜትር ጀምሮ የሚበቅል በመሆኑ በመጀመሪያ የሚጨነቁት በታችኛው ወሰን ያሉት ተክሎች ናቸው። ከተማይቱ ካለችበት በላይ የሚወጣው የእንጦጦ ተዳፋት ደግሞ በስርጭቱ የላይኛው አጋማሽ ስለሚገኝ፣ ታችኛው ሲጠብ መጠጊያ ሊሆኑ ከሚችሉት ስፍራዎች አንዱ ነው። ዘሩን ጥቂት ሜትሮች ብቻ የሚወረውር ተክል ግን መጠጊያው ላይ የሚደርሰው ከታች እስከ ላይ ያልተቋረጠ መኖሪያ ካለ ነው። በየካ በኩል ቤቶች ወደ ተራራው ሲወጡ የሚበጠሰውም ይኸው መስመር ነው።

ከዚህ የሚከተለው

የኮሸሽላ ጥበቃ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ተክሉ ገና አልጠፋም፤ የሚያስፈልገው በዕቅድ ውስጥ ስም ማግኘት ነው። የጅረት አፋፎች ከምንጠራ ቢገለሉ መኖሪያውም የወንዙ ዳርቻም በአንድነት ይጠበቃሉ። ለችግኝ ተከላ ቦታ ሲዘጋጅ የብርቅዬ ቁጥቋጦዎች ዝርዝር ቢያዝ፣ ምን ተተከለ ከሚለው ጎን ምን ተነሣ የሚለውም ይመዘገባል። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በዚሁ ሰንሰለት ላይ ስለሚገኝ ለክትትልና ለዘር ስብሰባ ምቹ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ጥናትም በር ክፍት ነው። በተመነጠረና ባልተመነጠረ ቦታ የጥድ ችግኝ ሕልውና ምን ያህል ይለያያል? በመንገድና በቤቶች በተቆራረጡ ጥሻዎች አበባ ቀሳሚ ወፎች እንደ ቀድሞው ይመላለሳሉ? ፍሬ የመያዝ መጠኑስ በትናንሽ ጥሻዎች ይቀንሳል? ሦስቱም ጥያቄዎች በከተማ ትራንስፖርት በሚደረስበት ስፍራ፣ በአንድ ወይም በሁለት የመስክ ወቅት ሊመለሱ ይችላሉ።

የአንድ ዝርያ ብዛት በሚታይበት ኮረብታ ብቻ ሲለካ ብርቅነቱ ይሰወራል። ኮሸሽላ ከየካ ተዳፋት ቢጠፋ ከሌሎች ደጋዎች ላይጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ደጋ በየራሱ «እዚህ ብዙ ነው» ካለ፣ በድምሩ የሚጠበቅ ስፍራ አይኖርም። ብዙ ሆኖ ሳለ መጠበቅ ጥቂት ሆኖ ከማዳን ይቀላል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል ሁለት ትርጉሞች ለያይቶ መቁጠር የመጀመሪያው እርምጃ ነው።